የእርሳስ ማኅተም ፍለጋ ወደ ጨለለቅቱ

ረቡዕ፤ ከሐዋሳ እስከ ዲላ

ከሐዋሳ የተነሳሁት ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጓዜ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ጓዝ አልነበረም። ሁለት የአየር ጠርሙስ፣ የተጣፈ የጎማ ልብስ፣ የውሃ መነጽር፣ መተንፈሻ ቱቦ፣ ሠላሳ ሜትር ገመድ፣ ቢላዋ፣ እና ባለቤቴ አልማዝ እየተቆጣችም ቢሆን የቋጠረችልኝ በሶ። ጠላቂ ነኝ። ማለቴ ጠላቂ ነበርኩ፤ አሁን ስልሳ ልደፍን ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ የግራ ጆሮዬ ደንቁሮ፣ ሐይቁ ዳር የአሣ አጥማጆች ጀልባ ሞተር እየጠገንኩ እኖራለሁ።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። ከወር በፊት ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የሰጠመ የጀልባ ሞተር አውጥቼ ነበር። ወሬውን ቡና ጫኝ ሾፌሮች ይዘውት ደቡብን ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ በራሶ የሚባል የጨለለቅቱ ገበሬ ቤቴን አጠያይቆ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ ሮባ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ሬኮ ከሚባል የቡና መፈልፈያ የታጠበ ደረቅ ቡና በኤንትሬ የጭነት መኪናው ጭኖ ለአዲስ አበባ ሲነሳ፣ በዝናብ መንገዱ አንሸራተተውና መንገድ ሠሪዎች ጠጠር አውጥተው ትተውት ወንዝ የሞላው ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የሮባ አስከሬን በሦስተኛው ቀን ተንሳፈፈ። መኪናው እዚያው ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ሐዘን ብቻ ነው። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ሲሰጥም ከመንገዱ በላይ ቡና ሲያርሙ የነበሩ ሰዎች አይተዋል፤ ውሃው ላይ ግን አንድ የቡና ፍሬ አልታየም። በቡና አገር ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቡና በውሃ ሲታጠብ ጥሩው ይሰምጣል፣ ቀላሉ ይንሳፈፋል፣ ተንሳፋፊው ተገፍፎ ይጣላል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን በዚያ አገር የለም። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ በአንድ አፍ ፈረደ። ምንም ካልተንሳፈፈ መኪናው ባዶ ነበር፤ ባዶ ከነበረ ሮባ ቡናውን መንገድ ላይ ሸጦ፣ መኪናውን ሆን ብሎ ሊጥለው ሲል ራሱን በላ። እድሩም ለሌባ ድንኳን አንተክልም አለ። ሮባ ያለ ድንኳን ተቀበረ።

በራሶን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ጭነቱ ሸራ ለብሶ ነበር ወይ? ለብሶ ነበር። ሸራው በገመድ ተጠፍሮ፣ የገመዱ ጫፍ ደግሞ ቁጥር ባለው የእርሳስ ማኅተም ታሽጎ ነበር፤ ቡና ያለ ማኅተምና ያለ ሽኝት ወረቀት ኬላ አያልፍም። እንግዲያማ ነገሩ ቀላል ነው አልኩት። ማኅተሙ ሳይነካ ከተገኘ ሸራው አልተከፈተም። የታፈነ ቡና ደግሞ በየት በኩል ይንሳፈፋል? በራሶ ዓይኑ እንባ ሞላ። አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ትሰማን ነበር። ስትናደድ እንደ ልማዷ የጣቷን ቀለበት እያሽከረከረች፣ ሐኪሙ ሁለተኛ ውሃ እንዳትገባ ያለኝን አስታወሰችኝ። ረቡዕ ጠዋት በሶውን ይዤ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ላይ ገና ስወጣ በጠርሙሶቹ ጠብ ተነሳ። ረዳቱ የማብሰያ ጋዝ መስሎት አልጭንም አለ፤ አየር ነው ስለው አየር ማን ይጭናል ብሎ ሳቀብኝ። ለሰው አሥራ አራት ብር፣ ለ«አየሩ» አሥር ብር ከፍዬ ተነሳን። አጠገቤ የነበሩት አንዲት ነጋዴ እስከ ይርጋለም መገንጠያ እግራቸውን ከጠርሙሱ እንዳራቁ ነበር። ጩኮ ላይ ቆመን አናናስ ገዛሁ፤ ሁለቱ በሦስት ብር። ቢላዋዬን አውጥቼ ልጬ ሳካፍላቸው ሴትዮዋ ታረቁኝ፣ ስለ ሥራዬም ጠየቁኝ።

ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገር። ወጣትነቴ ምጽዋ በባሕር ኃይል ጠላቂነት አለቀ። መንግሥት ሲለወጥና ባሕር ኃይሉ ሲበተን ጅቡቲ ተሻግሬ አንድ ሽማግሌ ግሪካዊ ዘንድ ተቀጠርኩ። ሰውዬው የሰመጠ መርከብ አዳኝ ነበር። ጠገራ ብር እንደ ጫነ የሰመጠ መርከብ ካርታ አለኝ እያለ ዘጠኝ ዓመት የባሕሩን ሆድ አስፈተሸን። ያወጣነውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ነሐስ፣ መዳብ፣ ሳህን፣ የወይን ጠርሙስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና። ጠገራ ብሩንም አንድ ቀን አገኘነው። ጨው በልቶት፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ የጎመን ራስ የሚያክል አንድ ጥቁር ድቡልቡል ሆኖ ነበር። ሰውዬው አልጋው ሥር አስቀመጠውና ከዚያ በኋላ ስለ ካርታው አንስቶ አያውቅም። ለእኔ የቀረኝ ይህ የደነቆረ ጆሮዬ ነው።

ዲላ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ገባን። በራሶ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ታኅሣሥ በመሆኑ ከተማው በቡና ሥራ ተወጥሯል፤ መንገዱ በጭነት መኪና፣ ሆቴሉ በደላላ ሞልቷል። ክትፎ በቆጮ በላን፤ ለሁለት ሰው አሥራ ስምንት ብር። ከዚያ በራሶ እየተጎተተም ቢሆን ወደ ቡናው ባለቤት ወደ አቶ ሰይፉ ሱቅ ወሰደኝ፤ የማኅተሙ ቁጥር የተጻፈበት የሽኝት ቅጂ እሳቸው ጋ ነው።

እኔ ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር። አቶ ሰይፉ ግን ሸምገል ያሉ፣ ረጋ ያሉ፣ ወንበር ስበው የሚያስቀምጡ ሰው ሆኑብኝ። ሮባ አሥር ዓመት እንደጫነላቸው፣ ልጁንም ክርስትና እንዳነሱለት ነገሩኝ። ያንን ሁሉ እምነት ጥሎ ሄደ ብለው አንገታቸውን ደፉ። የከፋቸው ቡናው ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ቅጂውን ለእኔ አልሰጡም፣ ቁጥሩንም አልነገሩኝም። ቅዳሜ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ሶንጎው፣ ሲሰበሰብ ራሴ ይዤው እመጣለሁ አሉ። ልክ ነበሩ፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ከሐዋሳ ለመጣ የሀብት አዳኝ ቁጥር አልነግርም።

ከሰዓት በኋላ በኢሱዙ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ኢሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር ተጭነን ጨለለቅቱ ገባን። መንገዱ ቀይ አቧራ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፤ ባዶ መሬት የሚባል ነገር ዓይኔ አላየም። ቅርጫት የተሸከሙ ለቃሚዎች በየዳገቱ ሰልፍ ይዘዋል። በራሶ ቤት አደርኩ።

ሐሙስ፤ ሶንጎ

ጠዋት በቀጥታ ወደ ውሃው የምሄድ መስሎኝ ዕቃዬን ሳዘጋጅ በራሶ ከለከለኝ። መጀመሪያ ሶንጎ መቅረብ አለብኝ። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው፤ ይኸኛው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በትልልቅ ዛፎች የተከበበ ንጹሕ ሜዳ ነው። የሮባ ጉዳይ እዚህ ስምንት ወር ቆይቷል። ሽማግሌዎቹ ማስረጃ ያለው ሁሉ እስከ ቅዳሜ ያምጣ ብለዋል። ቅዳሜ ካለፈ በሰዉ ቃል ይዘጉታል፤ ሮባ ሌባ ይባልና ነገሩ ዳግም አይነሳም።

ለካስ የእኔም ወሬ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ጣሊያን ሲሸሽ እዚያ ወንዝ ውስጥ የወርቅ ሣጥን ጥሏል የሚባል የቆየ ወሬ ነበርና፣ ሐዋሳ ያለው ሰውዬ ሮባን ምክንያት አድርጎ ለሣጥኑ ነው የመጣው ተብሏል። ጉድጓዱ ራሱ የተቆፈረው ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመን በኋላ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ማንም ጆሮ አልሰጠኝም።

ሰብሳቢው አቶ ጅግሶ የሚባሉ፣ ከሰማንያ የማያንሱ ሰው ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሸንጎ ላይ ግን በጌዴኦኛ ነው የሚናገሩት፤ በራሶ ያስተረጉማል። በራሶ አማርኛ ላይ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ የተተረጎመልኝ ሁሉ «አንተ» ነበር። ሐዋሳ ላይ ቢሆን ይከነክነኛል። እዚያ ግን ልብሴን ያወለቁኝ ያህል ተሰማኝ፤ ጋሼ የለ፣ ማዕረግ የለ፣ የሚጠየቀው ሰው ብቻ ነው የቀረው።

በዚያ ሶንጎ ለሌላ ሰው የሚመሰክር ሰው አስቀድሞ የራሱን ይናገራል። ይህን አላወቅሁም ነበር። አቶ ጅግሶ ድምፃቸውን ሳያነሱ ጠየቁኝ፤ በራሶም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተረጎመው።

«ከውሃ ያወጣኸው፣ የሰው ሆኖ የደበቅከው ነገር አለ?»

 የለም ማለት ቀላል ነበር፤ ከጨለለቅቱ ማን ጅቡቲ ድረስ ሄዶ ያጣራል? ከሽማግሌዎቹ ኋላ አንዲት ነጠላዋን የተከናነበች ወጣት ሴት ቆማ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ የሮባ ሚስት ብርቄ መሆኗን አወቅሁ። እሷን እያየሁ የለም ማለት አልቻልኩም። አለ አልኩ። ከሰመጠ የመንገደኛ መርከብ የወርቅ ቀለበት አግኝቼ፣ ጓንቴ ውስጥ ከትቼ፣ ከአለቃዬም ከጓዶቼም ደብቄ እንደወጣሁ ተናገርኩ። ባለቤቱ ሞቷል ብዬም ጨመርኩ።

«ሞቷል ነው ወይስ አላውቅም?» አሉ ሽማግሌው።

አላውቅም አልኩ። እፍረቱ ጆሮዬን አጋለው። ያ ሁሉ ሕዝብ ያየኝ ነበር፤ ለሌባ ሊመሰክር የመጣው ሌባ ነው የሚሉ መሰለኝ። አበቃ፣ ነገ ወደ ሐዋሳ መመለሴ ነው ብዬ ጓዜን በልቤ ቋጠርኩ። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሽከው ሲያበቁ በራሶ ፈገግ ብሎ ዞረ። ይውረድ ተብሏል። ያገኘውን ሁሉ፣ ትንሽም ትልቅም፣ መጀመሪያ እዚህ ያመጣል፤ ማኅተሙ ሳይወጣ ሸራውን አይቀድም። በቃ።

ዓርብ፤ የመጀመሪያው መውረድ

ጉድጓዱ ሰፊ ነው፤ ዳር እስከ ዳር መቶ እርምጃ ያህል ይሆናል። ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። መሀሉ ላይ አልፎ አልፎ አረፋ ቡልቅ ይላል፤ ሲፈነዳም ይሸታል። ሰዎቹ ሮባ ይተነፍሳል ብለው ቦታውን ይሸሹታል፣ ከብት አያጠጡበትም። እኔ ግን ያንን ሽታ ሳውቀው ደስ አለኝ። ቀይ ባሕር ላይ እህል ጭኖ የሰመጠ መርከብ ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲያረፋ አይቻለሁ። ከሥር የሚበሰብስ ጭነት አለ ማለት ነው። ለበራሶ ነገርኩት፤ ለሌላው ግን ዝም አልኩ፤ አረፋ ሶንጎ ላይ አይቀርብም።

ገመዱን ወገቤ ላይ አስሬ ሌላውን ጫፍ ለበራሶ ሰጠሁት። አንድ ጊዜ ከሳብኩ ደህና ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ከሳብኩ ገመድ ልቀቅልኝ፣ ሦስት ጊዜ ከሳብኩ አውጣኝ፤ አስደግሜ አስጠናሁት። ከዚያ ወረድኩ። ሁለት ሜትር ላይ ብርሃን አለቀ። ደህና ነኝ ለማለት አንድ ጊዜ ብስብ በራሶ ደንግጦ እንደ እምቢተኛ በሬ ጎትቶ ዳር ላይ ጣለኝ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተጎትቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጉልበት ግን አላየሁም። ተሳደብኩ፣ ሳቀ፣ ሰዉም ሳቀ፤ እንደገና ወረድኩ።

ታች ዓይን አይሠራም፤ እጅ ነው የሚያየው። ዘጠኝ ሜትር ላይ ጎማ ነካሁ፤ ከዚያ ቻሲስ፣ ከዚያ የጋቢናው በር። መኪናው በግራ ጎኑ ተኝቷል። በሩ ክፍት ነበር። ውስጡን ስዳስስ ከፔዳሉ ሥር ጭቃ የሞላው አንድ እግር ጫማ እጄ ገባ። ጥንት ቢሆን ጫማ አላነሳም ነበር፤ የሚያብረቀርቅ ነው የምፈልገው። ትንሽም ትልቅም ያመጣል ያሉኝን አስታውሼ ቀበቶዬ ላይ አሰርኩት። ወደ ኋላ ስሄድ ሸራውን አገኘሁት። ገመዱ እንደ ተወጠረ ነው። በመዳፌ ስጫነው ከውስጥ መልሶ ገፋኝ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ሙሉ ነበር።

ማኅተሙን ግን አጣሁት። ገመዱን በጣቴ ተከትዬ ዞርኩ፤ የሚቋጠርበት ጫፍ ከመኪናው ሥር፣ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ጭቃውን በእጄ ስቆፍር አንዱ ጠርሙስ አለቀ። ስወጣ የግራ ጆሮዬ ይደማ ነበር። የቀረኝ ሌላው ጠርሙስ ነው፤ እሱም ግማሽ ብቻ ነው፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ጫማውን ሶንጎው ለላካቸው ሁለት ሽማግሌዎች ሰጠሁ፤ እነሱም ለብርቄ ሰጧት። አስከሬኑ ሲወጣ አንድ እግሩ ባዶ ነበር አሉ። ብርቄ አላለቀሰችም። ወንዙ ዳር ወርዳ ጭቃውን አጠበችና ድንጋይ ላይ አሰጣችው። ማታ ቆጮ በጎመን ይዛልኝ ወደ በራሶ ቤት መጣች። በሬኮ መፈልፈያ የተሰጣውን ቡና፣ ጥሩውን ከተሰባበረው እየለየች የምትለቅም ሠራተኛ ነበረች፤ የሌባ ሚስት ከቡና አጠገብ አትቀመጥም ብለው ከአልጋው አስነስተዋታል፤ አልጋ የሚሉት ቡናው የሚሰጣበትን ነው። ልቧ የተቃጠለው ግን በዚያ አልነበረም።

«ካሳ አልፈልግም» አለችኝ። «ሮባ ሲቀበር ዝናብ ነበር። ድንኳን የለም፤ ሰው ዝናቡን እያየ ሄደ። እኔ ከልጄ ጋር ደጅ ተቀመጥን። እኔ ድንኳኗን ነው የምፈልገው።»

አንጀቴን በላችው። ነገ ማኅተሙን አወጣዋለሁ አልኳት። ስለ ግማሿ ጠርሙስ እያሰብኩ ቆጮውን በላሁ።

ቅዳሜ፤ ሁለተኛው መውረድ

ያን ቀን ለቀማ ቆመ። በታኅሣሥ ለቀማ ቆመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የቡና አገር ሰው ያውቀዋል። የጉድጓዱ ዙሪያ በሰው ጠቆረ። አቶ ጅግሶ በዱላቸው ተደግፈው መጡ፤ አቶ ሰይፉም ከዲላ በፒክአፕ መጥተው፣ የሽኝቱን ቅጂ ከደረት ኪሳቸው ሳያወጡ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ቆሙ። ብርቄ ከሁሉም ርቃ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ከበራሶ አጭር ዶማ ተውሼ ወረድኩ። በግራ ጆሮዬ በኩል ሚስማር የሚመቱብኝ ይመስል ነበር። መኪናውን ቶሎ አገኘሁት፤ ገመዱን ተከትዬ በሆዴ ተኝቼ ቆፈርኩ። የምቆፍረው ጭቃ ተመልሶ ይሞላል። ሥራው ይህ ነው፣ ምንም ጀግንነት የለበትም፤ መቆፈር፣ መዳሰስ፣ መቆፈር። አየሩ መክበድ ሲጀምር ትንሽ እንደቀረኝ አወቅሁ። አልማዝን አሰብኳት። ሦስት ጊዜ ስቤ ልወጣ ገመዱን ጨበጥኩ። ያኔ የሌላው እጄ ጣት ሽቦ ነካ። ከሽቦው ጫፍ ላይ ለስላሳ፣ ክብ፣ የሃምሳ ሳንቲም የምታክል ነገር። ዙሪያዋን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ። አልተሰበረችም፣ ሽቦውም አልተቆረጠም።

ዘጠኝ ዓመት ወርቅና ብር ስፈልግ ኖሬ፣ በአንዲት ቁራጭ እርሳስ እንዲያ ልቤ ይመታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ገመዱን ከማኅተሙ ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ ስንዝር ትቼ ቆረጥኩና እጄ ላይ ጠመጠምኩት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በፈቀዱልኝ መሠረት ሸራውን ከላይ በኩል በረጅሙ ቀደድኩት። አንድ ነገር ፊቴን እየጠረገ ወደ ላይ አለፈ። ሦስት ጊዜ ሳብኩ። በዚህ ጊዜ በራሶ አልተሳሳተም።

ስወጣ ያ ሁሉ ሰው ወደ ውሃው ተጠግቶ ነበር።  መነጽሬን አነሳሁ። ዙሪያዬን ቡና ነበር። ጠቁሮ፣ አብጦ፣ እየሸተተ፣ ከአረፋው ጋር እየተንቆረቆረ ይወጣል፤ የበሰበሰ የጆንያ ቁራጭም አብሮት ይወጣል። ራሴ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ ቡና ነው። አብዛኛው እዚያው ታች በስብሶ ቀርቷል፤ ቀላሉ ግን፣ ስምንት ወር የጠበቁት ተንሳፋፊ፣ ይኸው ተንሳፈፈ።

ብርቄ ቀሚሷን ሳትሰበስብ እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገባች። በሁለት እጇ ቡናውን አፈሰችና፣ እንግዳ ነገር ነው የምነግራችሁ፣ መልቀም ጀመረች። የተሰበረውን በአውራ ጣቷ ወደ ጎን ትጥላለች፣ ደህናውን መዳፏ ላይ ታስቀራለች፤ እጇ የለመደውን ሥራ ነው የሚሠራው። እንባዋ መዳፏ ላይ ይወርዳል፤ እሷ ግን ትለቅማለች። ከሴቶቹ አንዷ ዳር ላይ እየየ አለች። ከዚያ ሁሉም ተከተሏት። ለሮባ በስምንት ወሩ ያኔ ተለቀሰለት።

ማኅተሙን ለአቶ ጅግሶ ሰጠሁ። እሳቸው በጣታቸው ዳስሰው ለአቶ ሰይፉ አቀበሏቸው። አቶ ሰይፉ ወረቀታቸውን ዘረጉ። ቁጥሩን ከማኅተሙ ላይ አንድ በአንድ አነበቡ፤ ከወረቀቱም አነበቡ። አንድ ነው። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ብርቄ ዞሩ።

«ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ድንኳኑን በእጄ እተክላለሁ።»

ከእድሩ ሰዎች መካከል ቡና ካልተንሳፈፈ የለም ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደነበረ ክርክር ተነሳ። አቶ ጅግሶ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ፤ ክርክሩም እዚያው ቆመ።

እሑድ፤ ድንኳኑ

እሑድ ጠዋት የእድሩ ድንኳን በብርቄ ደጅ ተተከለ። አቶ ሰይፉ እንዳሉት ካስማውን በእጃቸው መቱ፤ መዶሻ አያያዛቸው የሱቅ ሰው አያያዝ ነበርና ጣታቸውን ሁለት ጊዜ መቱት፤ ላግዝዎ ያላቸውን ሁሉ እምቢ አሉ። ዝናብ አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሰዉ ግን እንደ ክረምት ተጠጋግቶ ከሸራው ሥር ተቀመጠ። የሮባ ሁለቱ ጫማዎች ጎን ለጎን ከፎቶው ሥር ተቀምጠዋል። እኔንም ከሽማግሌዎቹ አጠገብ አስቀመጡኝ። ንፍሮ በላሁ፣ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ብርቄ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጋ አለፈች።

ለመሄድ ስነሳ አቶ ጅግሶ በራሳቸው አማርኛ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ስለዚያች ቀለበት ጠየቁኝ። የት አለች? ቤት አለች አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እሱ ደግሞ ከጥያቄው በላይ ከበደኝ። ከጨለለቅቱ እስከ ይርጋጨፌ፣ ከይርጋጨፌ እስከ ዲላ መንገዱን አላየሁትም። ዲላ ሃያ ብር ከፍዬ አንድ ሆቴል አደርኩ።

ሰኞ፤ ሐዋሳ

ሰኞ ሦስት ሰዓት ቤቴ ደረስኩ። አልማዝ ጆሮዬን አይታ ቱግ አለች፤ ውሃ አሙቃ ጠረገችልኝ፤ ከዚያ ምን አገኘህ አለችኝ። እርሳስ አልኳት፤ ታሪኩን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ድንኳኑ ስነግራት ዓይኗን አበሰች። ሶንጎው የጠየቀኝ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ጣቷን አየሁ። ያ ቀለበት ጅቡቲ ስንጋባ ያጠለቅኩላት ነው፤ ከወርቅ ሠሪ ገዛሁት ብያት ነበር።

ነገርኳት። ቀለበቱ ከሰመጠ መርከብ መሆኑን ሰማች። ተነስታ ሳሙና አመጣች፤ ጣቷን አራሰችና ቀለበቱን አወለቀችው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችው።

«እዚያ ለማያውቁህ ሰዎች በአንድ ጠዋት ተናገርክ» አለች። «ለእኔ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብህ።»

 ቀለበቱን አንስታ ወደ መስኮቱ ዞረችና ውስጡን አየችው። በውስጥ በኩል የተፋቀ ነገር እንዳለ አሥራ አንድ ዓመት ታውቃለች፤ የወርቅ ሠሪው ሥራ ይመስላት ነበር። ምን ነበረበት አለችኝ። ስም ነበረበት። በፈረንጅ ፊደል የተቀረጸ የሰው ስም ነበር፤ እንዳይታወቅብኝ ብዬ እኔው ራሴ በሞረድ ፍቄ አጠፋሁት። ይህን ሶንጎው ፊትም አልተናገርኩትም ነበር።

«ማን ይባላል?» አለች አልማዝ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ምንድን ነው የሚል አንባቢ ካለ፣ ያስተማረኝ ይህንኑ ጥያቄ ነው። ሰሞኑን ለአንድ የሞተ ሰው ስም ጭቃ ስቆፍር ሰንብቼ፣ በገዛ ቤቴ የሌላ ሰው ስም አጥፍቼ ተቀምጫለሁ። የጉዞ ማስታወሻዬን አወጣሁ። ዋጋ፣ ሰዓት፣ የመንገዱ ርቀት፣ ሁሉንም ጽፌበታለሁ። ባዶ ገጽ ገለጥኩና አልማዝ ቆማ እያየችኝ ከስሙ የማስታውሰውን ያህል ጻፍኩ። ሁለት ፊደል ብቻ ነው የመጣልኝ።